ባቡር የለም

ሐዲድ ጠባቂው ከሞተ በኋላም መዶሻውን አልለቀቀም፤ በእጁ የቀረው ግን የእጀታው እኩሌታ ብቻ ነበር። አስከሬኑ ኮረብታው ለሁለት ተቆርጦ ሐዲዱ በመካከሉ በሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ትናንት አመሻሽ ላይ የመጣው የመንገደኞች ባቡር ነጂ ከሩቅ አይቶት ቆመ፤ ወደ ኋላም ተመለሰ። መስመሩ መርማሪ እስኪመጣ ድረስ ተዘግቶ አደረ።

መርማሪዋ በማለዳ ደረሰች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የሰዋስው መምህርት ነበረች። ሰው ሲናገር በየቃሉ ላይ ቆም ማለት ስለምታበዛ ባልደረቦቿ «ነጠላ ሰረዝ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙን ሰምታ ተቆጥታ አታውቅም፤ ሰው በማይቆምበት ቦታ መቆም ሥራዋ ነውና።

ከጣቢያው አብሯት የመጣው ምክትል ሹሙ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የኮቱን አዝራሮች እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነበር።

«ከላይ ነው የወደቀው» አላት ወደ ገደሉ አፋፍ እያመለከተ። «ሐዲዱን ከላይ ሆኜ ልየው እያለ ይወጣ ነበር። ስንት ጊዜ እንደ መከርነው።»

«መዶሻውስ?»

«አብሮት ወድቆ ተሰበረ።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። የእጀታው ጫፍ አልተሰነጠረም፤ ከባድ ነገር በላዩ ሄዶበት ተጨፍልቆ ተበጥሷል። ሌላው እኩሌታ ከነብረቱ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ወድቋል። በሐዲዱ ጀርባ ላይም የእንጨቱ ልጣጭ እንደ ወረቀት ሳስቶ ተለጥፏል። ለመነሣት ከሐዲዱ ሥር ባለው ተሸካሚ እንጨት ላይ እጇን ስታሳርፍ፣ ጣቶቿ እርጥብ ዳቦ ውስጥ እንደ ገቡ ሰመጡ። እንጨቱ ከላይ በአዲስ ሬንጅ ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ግን በስብሷል። እጇን በመሐረቧ ጠረገች፤ ስለ እንጨቱ ግን ምንም አልተናገረችም።

«ትናንት ከቀትሩ ባቡር በኋላ በዚህ ያለፈ ነገር አለ?»

ምክትሉ ጥቂት አሰበ። «በዋናው መስመር ላይ ባቡር አልተንቀሳቀሰም» አለ።

ከመተላለፊያው አፍ፣ ከመታጠፊያው ላይ፣ በምሰሶ የተሰቀለ የስልክ ሣጥን አለ። ቁልፉ ከነቀይ ክሩ በቀዳዳው ውስጥ እንደ ተሰካ ቀርቷል።

«የማን ቁልፍ ነው?»

«የሟቹ ነው።»

«ስልኩስ የት ይደውላል?»

«ወደ ጣቢያው ቢሮ። ትናንት ደውሎ እንደ ሆነ ግን ሹሙን ይጠይቁ፤ ተረኛው እሳቸው ነበሩ።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ብዙ አልተናገረም። የራስ ቅሉ ደኅና ነው፤ የተሰበረው ዳሌውና የጎድን አጥንቶቹ ናቸው፤ ያውም ከአንድ ወገን። «ከገደል የወደቀ ሰው እንዲህ አይሰበርም ልልዎት እችላለሁ» አላት፤ «ምን እንደ ገጨው ግን እርስዎ ይንገሩኝ።»

* * *

የጣቢያው ሹም ሰፊ ሰው ነው፤ ወንበሩ ከእሱ ጋር መኖር የሰለቸው ይመስላል። መርማሪዋ ስትገባ አንድ ወረቀት ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ እየገፋ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ የሟቹ ሚስት ቆማለች። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም።

«እመቤት፣ ይህ ለእርስዎም ይበጃል» ይላል ሹሙ። «በራሱ ቸልተኝነት ከገደል ወድቆ ሞተ፤ በቃ። ይፈርሙና በድርጅቱ ቤት ውስጥ ሐዘንዎን ጨርሰው ይወጣሉ። ካልፈረሙ ቤቱን ነገ ያስረክባሉ። ትእዛዙ ከላይ ነው።»

«ባሌ ቸልተኛ ነበር ብዬ በእጄ ልጻፍ?»

«መጻፉን ጽፈነዋል። እርስዎ መፈረም ብቻ ነው።»

«ቤቱን ውሰዱት» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬውኑ ውሰዱት። ስሙን ግን አትወስዱትም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሣች፤ ለሁለት አጥፋም በቦርሳዋ ከተተችው። «ይህ ለጊዜው የእኔ ነው» አለች። 

«ትናንት ከቀትር በኋላ ተረኛ ማን ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«እኔ።»

«ሐዲድ ጠባቂው ደውሎልዎታል?»

«ስልክ አልጮኸም። እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ አልተነሣሁም።»

«በመስመሩ ላይስ?»

«ምን ይመጣል ብለው ነው? ባቡር አልነበረም። ከቀትሩ በኋላ እስከ ማታው ድረስ ባቡር የሚባል የለንም።» በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ ከመጋዘኑ አጠገብ፣ ፉርጎ ያልተቀጠለበት አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻውን ቆሟል። «ያው፣ እዚያ የሚያዩት ባቡር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከመተላለፊያው ማዶ ካለው የድንጋይ ካባ ድንጋይ ለማምጣት ነው።»

መርማሪዋ አመሰገነችውና የሟቹን ሚስት ተከትላ ወጣች።

ቤቱ በጣቢያውና በጠባቡ መተላለፊያ መካከል፣ ከሐዲዱ ዳር ነው። በጓሮው የተዘረጋው የልብስ ገመድ ባዶ ነው። ሴትዮዋ ከአልጋው ሥር የተጠቀለለ ነጭ አንሶላ አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በጠቃጠቆ ተሞልቷል፤ ጥቁርና ቅባታማ።

«እዩት» አለች። «እኔ ልብስ የማሰጣው የቀትሩ ባቡር ካለፈ በኋላ ነው። ጥላሸቱን ዐውቀዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ስጣላ ነው የኖርኩት። ትናንት ባሌ ምሳውን በልቶ ወጣ፤ እኔ አሰጣሁ። ከዚያ ደግሞ ሞተር ሲያጓራ ሰማሁ። ሳወርደው ይህን መሰለ።»

«ለማን ነገርሽ፣ እህቴ?»

«ለሹሙ። ‹ሐዘን ጆሮ ያስጮኻል› አሉኝ። እሺ፣ ጆሮዬ ይጩህ፤ አንሶላውም አብሮኝ አዘነ?»

«ለምን አላጠብሽውም?»

«ባቡር አላለፈም ሲሉኝ ነዋ። ቀብሩ ቢፈጸም፣ ሰውም ሁሉ ቢረሳው፣ ይህን አላጥበውም።»

መርማሪዋ አንሶላውን ቀስ ብላ ጠቀለለችው። «ባልሽ ወደ መተላለፊያው ሳይደውል የገባበት ጊዜ አለ?»

«ኧረ የለም። ‹ባቡር አለ?› ሳይል እግሩን አያስገባም። ለእኔም ቢሆን ቤት ሲገባ እንደዚያው ነበር፤ ከተቆጣሁ ከደጅ ቆሞ ‹ባቡር አለ?› ይለኛል።» ልትስቅ ፈለገች፤ ግን አልሆነላትም። «ትናንት ጠዋት ጣቢያው ሄዶ ተናግሯቸዋል። ተሸካሚ እንጨቶቹ ተቀየሩ ተብሎ በሬንጅ ብቻ ነው የተቀቡት፤ ሰው የጫነ ባቡር አንድ ቀን ይዘውት ይሄዳሉ አላቸው። ‹ነገ ቀይ ባንዲራዬን ተክዬ መስመሩን እዘጋለሁ› ብሎ ነበር። መብቱ ነው። ሐዲድ ጠባቂ ከሚኒስትርም ባቡር ፊት ባንዲራ ቢተክል ይቆማል።»

«ሲናገር ማን ሰማው?»

«ሁሉም። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር አያውቅም።»

* * *

መስመር አዟሪውን ሠራተኛው ሁሉ «ፉጨት» ይለዋል። ሐዲዱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞረውን ረጅም ብረት በጨርቅ እየጠረገ አገኘችው።

«ስታፏጭ አልሰማሁም» አለችው።

«ዛሬ ከንፈሬ እምቢ ብሎኛል፣ እመቤቴ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ከምሳ በኋላ እዚህ አልነበርኩም። ምክትሉ ከግቢው ማዶ ጫፍ ያሉትን ማዞሪያዎች ግሪስ ቀባ ብሎ ላከኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ልቀባቸው ነው ወይ ብዬው ነበር። ‹ቢበዛ አይጎዳም› አለኝ። ቀባኋቸው። አሁን ቢነኳቸው እንደ ሳሙና ያሟልጫሉ።»

«ሞተር ሲንቀሳቀስ ሰማህ?»

«በዚህ ግቢ ሞተር ሲያጉረመርም ነው የሚውለው። ማን ያዳምጠዋል? አንዱ ወጥቶ ድምፁ ራቅ አለ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ደወሉ ከቢሮው ጣሪያ ሥር ስለ ተሰቀለ ግቢውን ሙሉ ይሰማል።»

«ሹሙ ግን ስልክ አልጮኸም ብለዋል።»

ፉጨት ወደ ቢሮው ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሹማችን ከምሳ በኋላ በጓዳው አልጋ ላይ ናቸው። ስልክ ቀርቶ ጣቢያው ተነቅሎ ቢወሰድ አይሰሙም። ሲያንኮራፉ ቆርቆሮው አብሮ ይዘምራል። ግን ከእኔ አልሰሙም፣ እሺ?»

«ስልኩንስ ማን አነሣው?»

«አላየሁም። ግን ብዙ አልጮኸም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው ያነሣው።»

መርማሪዋ ወደ መጋዘኑ አሻግራ አየች። «ያ ምንድን ነው?»

«ባቡር ነዋ» አለ ፉጨት ተገርሞ። «ምን መስሎዎት ነው?»

የዚያ ባቡር ነጂ ከሥሩ ተቀምጧል፤ ወጣት አይደለም፣ ግን በአንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል። ሎኮሞቲቩ ሞተሩ ረጅም፣ የነጂው ክፍል ከኋላው ነው፤ ወደ ፊት ሲሄድ ከረጅሙ አፍንጫ ፊት ያለውን ማየት አይቻልም። ከፊቱ ካሉት ሁለት መግጫዎች አንዱ በቆሻሻና በዘይት ተለብጧል፤ ሁለተኛው ግን ታጥቦ ያብረቀርቃል።

«ይህ ባቡር ያንተ ነው?»

«አዎ፣ ባቡሬ ነው፣ እመቤቴ።»

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበራችሁ? አንተና ባቡርህ?»

ነጂው ከመሬት ዓይኑን ሳያነሣ፣ ቃል በቃል እንዳጠና ተማሪ «በዋናው መስመር ላይ ባቡር አልተንቀሳቀሰም» አለ።

መርማሪዋ ከአጠገቡ ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ይህን ዐረፍተ ነገር ማን አበደረህ?»

ነጂው በጫማው ጫፍ ጠጠር ገፋ።

«ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው። ዛሬ ጠዋት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ አፍ ግን በልኩ የተሰፋ ነበር። አንተ ላይ ሰፋ።»

 መርማሪዋ ተነሥታ ወደ ሎኮሞቲቩ ኋላ ዞረች። ከታችኛው ብረት ላይ ቁራጭ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ በፒንሳ የተቆረጠ፣ ያልዛገ።

«እዚህ ምን ነበረ?»

«የጅራት ምልክቱ። ቀይዋ ክብ ቆርቆሮ። መስቀያዋ ስለ ተሰበረ ፉጨት በሽቦ ነው የሚያስራት።» ወደ እሷ ቀና አለ። «ልጆች አሉኝ፣ እመቤቴ።»

«እሱ ሚስት አለችው» አለችና ትታው ሄደች።

ምክትሉ በንጹሕ ክፍሉ ውስጥ ተቀብሏት ወንበር ሳበላት። ከሹሙ ስልክ ጋር በአንድ መስመር የተያያዘ ስልክ ከጠረጴዛው ጥግ አለ። ከበስተጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ ባንዲራዎች፣ መብራቶችና አንዲት ቀይ ክብ ቆርቆሮ ተሰቅለዋል። ቆርቆሮዋ ላይ አጭር ሽቦ ታስሮ ቀርቷል።

«ለዛሬው ምርመራ የሚረዳዎት ካለ ይዘዙኝ» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ከመጋዘኑ አጠገብ የቆመው ባቡር ...»

«ይቅርታ» አለ ምክትሉ በትሕትና፤ ግን ዝም ማለት እንደማይችል ሰው ነበር። «ያ ባቡር አይደለም።»

«አይደለም?»

«ሎኮሞቲቭ ነው። ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ሹሙ እንኳ ይሳሳታሉ። አዲስ ሠራተኞችን ደንብ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ይህ ነው።» ከመሳቢያው የደንቡን መጽሐፍ አውጥቶ ሳያገላብጥ ገጹን ከፈተላት። «‹ባቡር ማለት፣ ከፉርጎ ጋር ወይም ያለ ፉርጎ፣ የጅራት ምልክት ሰቅሎ በዋናው መስመር ላይ እንዲሄድ የተፈቀደለት ሎኮሞቲቭ ነው።› አዩ፣ መቶ ፉርጎ ቢጎትት እንኳ ምልክቱ ከኋላው ከሌለ ባቡር አይባልም። አንድ ብቻውን ቢሆንም ምልክቱ ካለው ባቡር ነው። ጅራቱ ነው የሚያስቆጥረው።»

«እንዴት ያምራል» አለች መርማሪዋ። «መጽሐፉን ልዋሰው?»

«በደስታ።»

ሰው በሚኮራበት ነገር ራሱን ያጋልጣል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሐሰት ላለመናገር ሲጠነቀቅ ኖሯል፤ እውነትን ለምን እንደሚናገሩት ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

የመርማሪዋ አለቃ በስልክ ያገኛት ከዚያ ስትወጣ ነው። «ነጠላ ሰረዝ፣ የባቡር ድርጅቱ ኃላፊዎች ጆሮዬን አደነቆሩት። መስመሩ ዛሬ ይከፈት ይላሉ። አሁንስ አራት ነጥብ አድርጊበት።»

«ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም፣ ጌታዬ።»

«ሰውየው ከገደል ወደቀ። ምን ይቀረዋል?»

«ማሰሪያ አንቀጹ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከቦርሳዋ የደንቡን መጽሐፍ አውጥታ፣ ምክትሉ ካሳያት ገጽ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ጀመረች።

* * *

ከቀትር በኋላ ሁሉም በሹሙ ቢሮ ተሰበሰቡ፤ ሹሙ፣ ምክትሉ፣ ፉጨት፣ ነጂው፣ የሟቹም ሚስት። ከውጭ የመንገደኞች ባቡር ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ የመስመሩን መከፈት የሚጠባበቁ ሰዎች በመስኮቶቹ ብቅ ይላሉ። መርማሪዋ የመዶሻውን እጀታ ሁለት እኩሌታዎች፣ አንሶላውንና የሽቦውን ቁራጭ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከእጀታው እንጀምር» አለች። «ከገደል የወደቀ መዶሻ ይሰነጠራል፤ ይህ ግን በሐዲዱ ላይ ተጨፍልቆ የተቆረጠ ነው። ሟቹ ምሳውን የበላው ከቀትሩ ባቡር በኋላ ነው፤ የማታው ባቡር ደግሞ ሳይደርስበት ቆሟል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል በዚያ ሐዲድ ላይ መንኮራኩር ሄዷል። አንሶላውም ይመሰክራል።»

«ባቡር አልነበረም አልኩ እኮ» አለ ሹሙ።

«እርስዎ ተኝተው ነበር።»

ሹሙ ቀላ። ፉጨት ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«በሥራ ሰዓት መተኛት ነውር ነው፤ በዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ ብሎ ለፖሊስ መዋሸት ከዚያ የባሰ ነው። በሁለቱም ይጠየቁበታል። ግን ስልኩን ያነሡት እርስዎ አይደሉም። ስልኩ ጮኋል፤ የሟቹ ቁልፍ ከሣጥኑ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ቶሎም ተነሥቷል። ‹ባቡር አለ?› ብሎ ጠየቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ጠየቀው። መልስ አገኘ፤ አምኖም ገባ። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን መለሰለት?»

መርማሪዋ የሽቦውን ቁራጭ አንሥታ አየችው።

«ዛሬ እየዞርኩ ስጠይቅ አንድ ነገር ገረመኝ። ሹሙም፣ ምክትሉም፣ ነጂውም ባቡር አልነበረም ይሉኛል፤ ምንም አላለፈም ያለኝ ሰው ግን የለም። እኔ ‹ያለፈ ነገር አለ?› ብዬ ስጠይቅ መልሱ ስለ ‹ባቡር› ይሆናል። ነጂው ደግሞ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ደገመልኝ። የእሱ ንግግር አይደለም፤ ተሰጥቶት ነው። ስለዚህ የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈለግሁ። ከመጋዘኑ አጠገብ ያለው ለሹሙ ባቡር ነው፤ ለፉጨት ባቡር ነው፤ ለነጂው ባቡሬ ነው። እነዚህ ሦስቱ ያ ሎኮሞቲቭ በመስመሩ ላይ እያለ ‹ባቡር የለም› ቢሉ ዋሽተው ነው። በዚህ ጣቢያ ሳይዋሽ እንዲያ ብሎ ሊመልስ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ። እሱ የኮቱን ላይኛ አዝራር ነካ፤ እንደ ተቆለፈ ነበር።

«የተናገርኩት እውነት ነው» አለ። «ባቡር አልነበረም።»

«ለሟቹ የመለሱት እርስዎ ነዎት?»

«የጠየቀኝን መለስኩለት። ሐሰት ከአፌ አልወጣም።»

ነጂው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ምልክቱን ፍታ አለኝ» አለ። «‹ሹሙ ድንጋይ ቶሎ ይምጣ ብለዋል፤ ውረድ፤ ምልክቱን ግን ተውልኝ› አለ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጦ ራሱ ወሰዳት። ቁልቁለቱን ሞተሩን አዝግሜ ወረድኩ። ከፊቴ አይታየኝም። ካባው ደርሼ መግጫውን ሳየው ... ተመልሼ ነገርኩት። ‹አንተ ባቡር አልነዳህም፤ ይህን ብቻ በል፤ እውነት ነው› አለኝ።»

የሟቹ ሚስት ወደ ነጂው ዞረች። «መግጫውን አጠብክ» አለችው። «እኔ አንሶላ እንኳ አላጠብኩም።»



«የተሸካሚ እንጨቶቹን ሥራ የተቆጣጠረው ምክትሉ ነው» አለች መርማሪዋ። «እንጨቱ አልተቀየረም፤ በሬንጅ ተቀብቶ ተቀይሯል ተባለ። ዛሬ ጣቴን አስገብቼ አይቻለሁ። ሟቹ መስመሩን ዛሬ ሊዘጋ ነበር፤ ከተዘጋም ሁሉም ይመረመራል። ስለዚህ ትናንት ፉጨት ወደ ማዶ ተላከ፤ መስመሩን ምክትሉ ራሱ አዞረ፤ ሹሙም እንደ ልማዱ ተኝቷል።»

«አደጋ ነበር» አለ ምክትሉ። «የደወለው ሎኮሞቲቩ ከወጣ በኋላ ነው። ልመልሰው አልችልም ነበር።»

«አትግባ ማለት ግን ይችሉ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ቀይዋ ቆርቆሮ ናት። ሎኮሞቲቭ ድንጋይ ሊያመጣ ሲሄድ ምልክቱን ፈትቶ የሚያስቀር ማን ነው? ምን ይጠቅማል? ምንም አይጠቅም፤ አንድ ሰው ደውሎ ‹ባቡር አለ?› እስካልጠየቀ ድረስ። እርስዎ ሽቦውን የቆረጡት ስልኩ ከመጮኹ በፊት ነው። መልሱን ከጥያቄው አስቀድመው አዘጋጁት። አደጋ እንዲህ አይዘጋጅም።»

ምክትሉ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ንስሐ አልታየም። «ፍርድ ቤት ደንቡን ያነባል። በደንቡ ባቡር አልነበረም። በደንቡ አልዋሸሁም።»

«እኔም አንብቤዋለሁ። ተማሪዎችዎን የመጀመሪያውን ገጽ ያስተምሯቸዋል፤ ቀጣዩን ግን የዘለሉት ይመስለኛል።» መጽሐፉን ከፈተች። «‹ባቡር ያልሆነ ማናቸውም ተሽከርካሪ በዋናው መስመር ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ ይቅደመው፤ በመስመሩ ላይ ያለ ሠራተኛም እስኪወጣ ይጠብቀው።› ባቡር ቢሆን ኖሮ ዞር ማለት የሐዲድ ጠባቂው ግዴታ ነበር፤ ቸልተኛ ነበር ማለትም ይቻል ነበር። ባቡር አይደለም ካሉ ግን ግዴታው የእርስዎ ነው። አንዱን ይምረጡ። ባቡር ነበር ካሉ ለሟቹ ዋሽተዋል። አልነበረም ካሉ፣ በሎኮሞቲቩ ፊት በእግሩ የሄደው ሰው ማን ነው?»

 ምክትሉ መጽሐፉን አየ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ገጹን በቃሉ ያውቀዋል።

«አልዋሸሁም» አለ በድጋሚ፤ አሁን ግን ለራሱ ነበር።

የሟቹ ሚስት ወደ እሱ ተጠጋች። «ባሌ ስለ ባቡር አልጠየቀህም» አለችው። «ልግባ ወይ ነው ያለህ። አንተ ግባ አልከው።»

መርማሪዋ ከደጅ ያቆመቻቸው ፖሊሶች ገቡ። ምክትሉ ሲወጣ ከልማድ ይሁን ከኩራት፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ነጂውም ተከትሎት ወጣ፤ እሱንም ማንም አላጽናናው።

መርማሪዋ ከቦርሳዋ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ለሹሙ ሰጠችው። ሹሙ በእጁ ያዘው፤ የሟቹን ሚስት አየ፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀደደው። ገና ሳይጨርስ የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ሹሙ እንደ ቆመ አዳመጠ። «ገዳዩ ተይዟል፣ አዎን ... እሺ፣ ጌታዬ ... ወዲያው፣ ጌታዬ።» ስልኩን አስቀመጠ።

«መስመሩ ተከፈተ» አለ። «ባቡሩ አሁኑኑ ይነሣ ብለዋል።»

«እንጨቶቹስ?» አለች መርማሪዋ።

«በቀስታ ያልፋል አሉ። ትእዛዝ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

የሟቹ ሚስት አልጠበቀችም። ከበሩ ኋላ ከባሏ ካፖርት ጋር የተንጠለጠለውን ቀይ ባንዲራ አንሥታ ወጣች። ፉጨት ከኋላዋ «እትዬ፣ ቆይ እንጂ» አለ፤ ከዚያ እሱም ተከተላት። መርማሪዋም ተከተለች። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሹሙ ሊያነሣው እጁን ዘረጋ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ እጁንም መለሰ። ስልኩ እየጮኸ ቀረ።

ባቡሩ ከጣቢያው ወጥቶ ወደ መታጠፊያው ሲቃረብ፣ ከስልክ ሣጥኑ አጠገብ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ አንዲት ሴት ባንዲራዋን ዘርግታ ቆማ ነበር። ከግራዋ መርማሪዋ፣ ከቀኟ መስመር አዟሪው ቆመዋል። የመንገደኞቹ ባቡር ነጂ ፊሽካውን ነፋ። አልተንቀሳቀሱም። ደግሞ ነፋ። ፍሬኑ ብረቱን እያፋጨ፣ ባቡሩ ከባንዲራው ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ ነጂውም በመስኮቱ ወጣ ብሎ ጮኸ።

«ማነው የፈቀደልሽ?»

«ሐዲድ ጠባቂው» አለችው።

ባቡሩ ፉርጎዎቹም ሎኮሞቲቩም፣ ከኋላው የተሰቀለችው ቀይ ቆርቆሮም ሳትቀር የተሟላ፣ በደንቡ ሁሉ ባቡር ነበረ። በዚያው ቆሞ ዋለ።